የፈረምኩለት መርፌ

አንድ ሰው ሐረር ላይ ሃያ ዓመት ካዋለደ በሰላም ሽንኩርት መግዛት አይችልም። ሸዋ በር ገበያ ስደርስ አንዷ ከጉልቷ ብድግ ብላ ልጇን ወደ እኔ ትገፋዋለች። "ሳማት፣ እሷ ናት ያወጣችህ!" ትለዋለች። ልጁ ያፍራል፤ እኔም አፍራለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹን አላስታውሳቸውም። እናቶቹ ግን አይረሱኝም። ምጥ ላይ ያዩት ፊት ከዓይን አይጠፋም ይላሉ። ድሮ ይህ ነገር ያኮራኝ ነበር። አሁን ከአቦከር በኩል የምትመጣ ሴት፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ ዝቅ አድርጋ ያሰረች ካየሁ፣ መንገድ እቀይራለሁ። ለምን እንደምቀይር ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

በጤና ጣቢያችን ማዋለጃ ክፍል ሦስት ነበርን። ታላቃችን የጀጎል ልጅ ናት፤ ከግንቡ ውስጥ ተወልዳ ከግንቡ ውስጥ የተዳረች፣ ሐረሪውንም ኦሮምኛውንም አማርኛውንም በአንድ ትንፋሽ የምትደባልቅ ሴት። በዕድሜ በጣም ትበልጠኛለች፤ ግን አንቱ ካልኳት "ማንን ነው የምትጠሪው?" ብላ ዞራ ከኋላዋ ሰው ትፈልጋለች። ታናሻችን ከኮሌጅ ወጥታ በምደባ የመጣች ናት፤ እጇም ፈጣን፣ እንባዋም ፈጣን። መሃከለኛዋ እኔ ነኝ። የእኛ ቤት ከቅድመ አያቴ ጀምሮ ሐረር የተተከለ የክርስቲያን ቤት ነው፤ ከሸዋ ነው የመጣነው እያልን አራት ትውልድ ያወራን፣ ሸዋን ግን አንዳችንም ያላየን። ቁጣዬ ቅርብ ነው። ታላቃችን "አቦ አንቺ፣ እናትሽ በሚጥሚጣ ነው እንዴ ያሳደገችሽ?" ትለኛለች።

አንዲት ነፍሰ ጡር ስትመጣ የአንዳችን አትሆንም፤ የሦስታችንም ናት። መጀመሪያ ቀን ሦስታችንም ፊቷ እንቆምና "እነዚህን ፊቶች እዪ፤ ምጥሽ ሲመጣ ከሦስቱ አንዱ በር ላይ ይጠብቅሻል" እንላታለን። ተራ ገብተን ቤቷ እንሄዳለን። ባሏን እናስጠራለን፣ አማቷን እንለማመጣለን። ወደ ሆስፒታል የምትላክ ከሆነ አንዳችን አምቡላንሱ ላይ አብረናት እንወጣለን እንጂ ወረቀት አስይዘን አንሰዳትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለ? እኛም እንደዚያ ነበር የምናስበው። ከየት ከየቱ ጤና ጣቢያ እየመጡ አሠራራችንን ያዩ ነበር።

አንድ ልማድም ነበረን። ጓንት ያደረገች እስክሪብቶ አትነካም። ስለዚህ አንዷ እጇ ደም ከሆነ "ይህን ሰጥቻለሁ፣ ፈርሚልኝ" ትላለች፤ ጓንት ያላደረገችው ካርዱን አንስታ ትፈርማለች። ሰዓቱን፣ መድኃኒቱን፣ ፊርማውን። የማን ፊርማ እንደሆነ ጠይቆን የሚያውቅ የለም፤ እኛም አንጠያየቅም። አንዷ ሰጠሁ ካለች ተሰጥቷል። በዚህ የምንኮራውን ያህል በምንም አንኮራም ነበር።

ሴትየዋ መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ። ቤታቸው አቦከር ነው። ባሏ ከገጠር ድንችና ሽንኩርት እያመጣ ሸዋ በር የሚያከፋፍል፣ ትንሽ የሚናገር፣ ብዙ የሚሰማ ሰው። እሷ ሳቂታ ናት፤ መርፌ ስታይ ብቻ ሳቋ ይጠፋል። ሻሿን ወደ ታች ስባ ዓይኗን ትሸፍንና "ሲስተር፣ ሲያልቅ ንገሪኝ" ትለኛለች። ለደም ምርመራ ጣቷን ስንወጋት እንኳ እንዲያው ነበር። "ልጅ ልትወልጂ እኮ ነው፣ መርፌ ትፈሪያለሽ?" ብዬ ስቄባታለሁ። "ልጁን አላህ ያወጣዋል፤ መርፌውን ግን የምትወጊኝ አንቺ ነሽ" አለችኝ። ሦስታችንም ሳቅን።

የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ ሆነ። የባሏ ፖዘቲቭ።

አክስቶቼ ይህን ሾተላይ ይሉት ነበር። በእነሱ ዘመን ሾተላይ እርኩስ መንፈስ ነበር፤ የመጀመሪያውን ልጅ ትቶ ተከታዮቹን ሁሉ በሆድ ወይ በአራስ ቤት የሚጨርስ። ሴቲቱ ክታብ ታንጠለጥላለች፣ ጠበል ትሄዳለች፣ ሼኽ ጋር ትቀመጣለች፤ ልጆቹ ግን ይሞታሉ። ዛሬ ነገሩ የደም አለመግባባት እንደሆነ እናውቃለን። የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ደሙ ከእናቱ ደም ይነካካል፤ የእናቲቱ ደም ያን ጊዜ እንግዳውን ደም ጠላት ብሎ ይመዘግበዋል፤ የሚቀጥለውን ልጅ እዚያው ሆዷ ውስጥ ይዋጋዋል። በተወለደ በሦስት ቀን ውስጥ አንዲት መርፌ ከተሰጣት ግን ደሟ ሳያውቅ ያልፋል። አንዲት መርፌ ብቻ። ሰዉም የሾተላይ መርፌ ነው የሚለው። ለባልና ሚስቱ ይህን ያስረዳችው ታላቃችን ነበረች፤ እኔ ሳስረዳ እቸኩላለሁ።

መርፌው ጤና ጣቢያ አይገኝም፤ ከከተማ ፋርማሲ ተገዝቶ እስክትወልድ እኛ ክትባት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ባልየው በዚያው ሳምንት ይዞት መጣ። በረዶ በሞላው ፔርሙስ ውስጥ አድርጎት፣ ፔርሙሱን በጋቢው ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎት። ከፋርማሲው እስከ እኛ ድረስ በእግሩ ነው የመጣው። "ባጃጅ አትይዝም ነበር?" አልኩት። "ይንጠዋል ብዬ ፈራሁ" አለኝ። ታናሻችን ብልቃጡ ያለበትን ካርቶን ተቀብላ ፕላስተር ለጥፋበት የሴትየዋን ስም ጻፈችበትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችው።

የወለደችው በጠዋት ነው። ሴት ልጅ፣ ጤነኛ፣ ጯሂ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አልኳት፤ ለሙስሊሟም ለክርስቲያኗም ከአፌ የሚወጣው ይሄው ነው፣ እነሱም አይቀየሙኝም። የሕፃኗ ደም ሲታይ ፖዘቲቭ ሆነ። ታናሻችን ጓንቷን እንዳደረገች "የሾተላዩን ልሰጣት ነው፣ ፈርሚልኝ" አለችኝ። ካርዱን አነሳሁ። ልትሰጣት ነው እንጂ ሰጥቻታለሁ አላለችም። ይህን ልዩነት ያን ቀን ጆሮዬ አልሰማውም። ሰዓቱን ጻፍኩ፣ መድኃኒቱን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። እስክሪብቶዬን ኪሴ ሳልከት ከአጠገቧ ያለው አልጋ ላይ ሌላዋ ወላድ መድማት ጀመረች።

እንዲህ ያለ መድማት ያላየ አያውቀውም። ደሙ ከአልጋው ወርዶ ጫማችን ውስጥ ገባ። ታናሻችን ማህፀኗን በሁለት እጇ ይዛ፣ እኔ ደም ሥር እየፈለግሁ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ተዋጋን። የደማችው ሴት ተረፈች። ታናሻችን እስከ ክርኗ ደም ሆና ነበር፤ "ሂጂ ታጠቢ፣ ቤትሽ ግቢ፣ የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ" አልኳት። እሷ የቀረውን ሲባል ያልተሰጠው መርፌም ያለበት መስሏታል። እኔ የቀረው ስል አልጋ መጥረግና አንሶላ መቀየር ነበር፤ መርፌው እንደሆነ ተፈርሞበታል፣ ያውም በራሴ እጅ። መርፌ ፈሪዋን ወላድ ብጠይቃትም ዋጋ አልነበረውም። ከወለደች በኋላ ለደም ማቆሚያ ጭኗ ላይ ተወግታለች፣ ያን ጊዜም ዓይኗን ሸፍና ነበር። ተወጋሁ ነው የምትለው፤ የትኛውን እንደሆነ በምን ታውቃለች?

በማግስቱ ሕፃኗን ታቅፋ ወጣች። ሦስታችንም በር ድረስ ሸኘናት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ታላቃችን ፍሪጁን ስታጸዳ ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ አንዲት ካርቶን አገኘች። ፕላስተሩ በእርጥበት ተልጦ ወድቋል፤ የማን እንደሆነች አይታወቅም። በዚያው ሳምንት የሾተላይ መርፌ ከከተማው ፋርማሲዎች ጠፍቶ ነበር። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር የመጣች አንዲት ወላድ፣ ደሟ ኔጌቲቭ፣ ከወለደች ሁለት ቀን ሞልቷታል። ባሏ ድሬ ድረስ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሶ ግቢያችን ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ታላቃችን ብልቃጧን ይዛ እየሮጠች መጣች። በዚያ ዕድሜዋ ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። "ሪዝቋ ነው! አላህ ለሷ ያስቀመጠላት ሪዝቋ ነው!" እያለች ሰጠቻት። ባልየው እግራችን ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝነው። ሦስታችንም አለቀስን፤ የደስታ ለቅሶ ነበር።

"የማን ትሆን?" ብዬ አስቤያለሁ። አላሰብኩም ብል እዋሻለሁ። ሌላ ቦታ የወለደች የአንዷ ይሆናል ብዬ ተውኩት። የዚያ ዓመት ኔጌቲቭ የሆኑ እናቶቻችን ካርድ ቁጥራቸው ጥቂት ነበር፤ አውጥቼ ብቀመጥ ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሉ ይበቃኝ ነበር። ግን ባወጣውስ? የሴትየዋ ካርድ ላይ ተሰጥቷል የሚል ፊርማ አለ። የራሴ ፊርማ። እሱን አይቼ አልፈው ነበር።

ሦስት ዓመት አለፈ። ሴትየዋ እንደገና አርግዛ መጣች፣ ሴት ልጇ ቀሚሷን ይዛ። ካርዷን አየን፤ ባለፈው ተሰጥቷታል፣ ተመስገን። እርግጠኛ ስለሆንን ከፍ ወዳለ ምርመራ አልላክናትም። ባሏ እንደልማዱ ፔርሙሱን አቅፎ መጣ። ስምንተኛው ወር ላይ "ልጁ ተኛብኝ" አለች፤ እንቅስቃሴው ቀነሰ ማለቷ ነው። ሆዷ ላይ ጆሮዬን ስጥል የልቡን ምት ሰማሁት፣ ግን አልወደድኩትም። አምቡላንስ ጠራን። አብሬያት ወጣሁ።

ወንድ ልጅ ነበር። ሲወለድ ነጭ ነው፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ ፊቱ አብጧል፤ በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ዓይነት ልጅ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ከሰዓት በኋላ ለአስር ሰላት አዛን ሲባል አረፈ። ሐኪሙ የደሟን ውጤት ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣና "ባለፈው መርፌውን አልወሰደችም እንዴ?" አለኝ። ካርዱን ሰጠሁት። አየው። "እንግዲህ አንዳንዴ መርፌውም ይከሽፋል" አለና መለሰልኝ። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ይከሽፋል። ያን ካርድ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ፊርማዬን ሳየው፣ የዚያ ቀን ጠዋት፣ ጫማዬ ውስጥ የገባው ደም፣ "ልሰጣት ነው" የሚለው ቃል፣ ሁሉም ባንዴ መጣ።

በነጋታው ታናሻችንን ጠየቅኋት። ታላቃችን ጎዝ እያጠፈች አጠገባችን ነበረች።

"ያኔ መርፌዋን ሰጥተሻት ነበር አይደል?"

"የቷን?"

"የሾተላዩን።"

"አንቺ አይደለሽ የሰጠሻት? የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ ብለሽ እኮ ነው የላክሽኝ።"

ታላቃችን ጎዙን አስቀመጠችው። "ያቺ ብልቃጥ…" አለችና አልጨረሰችውም፤ ሄዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ታናሻችን ማልቀስ ጀመረች። እኔ እንባ አልመጣልኝም፤ ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም ነበር። አንዷ ረሳች፣ አንዷ ፈረመች፣ አንዷ ለሌላ ሰጠች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንል ነበር፤ እኛ ሦስታችን አብረን ያሰርነው አንድ ሕፃን ሆነ።

ለቅሶ ስንሄድ ሴትየዋ ፍራሽ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። አማቷ ከገጠር መጥተው በሩ አጠገብ ናቸው፤ የደጋ ገበሬ፣ ኮስታራ፣ በነገር የማይቸኩሉ ሴት። ትንሿ ልጅ ወደ እናቷ ሄዳ ጭኗ ላይ ልትወጣ ስትል ሴትየዋ ቀስ ብላ በእጇ ገፋቻት። ልጅቷ ደግማ መጣች፤ ደግማ ገፋቻት።

"ምነው?" አልኳት።

"ደሜ ልጅ ይበላል፣ ሲስተር" አለችኝ። "ይቺንም እንዳልበላት።"

ይህን የምትለው ያቺ "መርፌውን የምትወጊኝ አንቺ ነሽ" ብላ ያሳቀችን ሴት ናት። አማቷ ሰምተዋል። "ሾተላይ ሲኖርባት እንዲህ ነው" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። "እኛ ቤት ይህ ነገር አልነበረም።"

አንድ ቃል ብናገር ይህን ሁሉ ከላይዋ ላይ አነሳላት ነበር። አልተናገርኩም። ሰብር አድርጊ ብዬ፣ የቀረበልኝን በልቼ ወጣሁ። በሌላ ሳምንት ሄድኩ፤ አልተናገርኩም። ታናሻችን የሥራ ፈቃዷን እንዳትነጠቅ ፈርታ እንቅልፍ አጣች፤ እኔ ስለሷ ነው የምዘገየው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ግን ኩራቴ ነበር። ሸዋ በር ላይ ልጅ የሚገፋልኝ ሰው እንዳይቀር ነበር። ሐኪሙ በር ከፍቶልኛል፤ መርፌው ከሽፏል ካልኩ የሚያውቅ የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ሄጄ ሳልናገር ስመለስ ታላቃችን በር ላይ ጠበቀችኝ።

"የሰው ሐቅ ይዘሽ እንዴት ነው የምትተኚው?" አለችኝ። "ሴትየዋ ራሷን ነፍሰ ገዳይ አድርጋ ተቀምጣለች። ካልነገርሽ እኔ እሄዳለሁ።"

"እኔው እሄዳለሁ" አልኳት፤ ጮህኩባት እንኳ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሦስታችንም ሄድን። ባልየውም አማቲቱም ነበሩ። የተናገርኩት እኔ ነኝ። ምንም አላሳመርኩም፤ መርፌው እንዳልተሰጣት፣ ሳይሰጣት እንደፈረምኩ፣ የልጁ ሞት የእሷ ደም ጥፋት ሳይሆን የእኛ እንደሆነ ነገርኳት። ታናሻችን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር።

ባልየው መሬት መሬቱን እያየ፣ "በእጄ ነበር ያመጣሁት" አለ። "እንዳይናጥ ብዬ።" ቀጥሎ "ቀደር ነው። አላህ የጻፈው ነው፣ ሲስተር" አለኝ። ይህ ሰው ቢሰድበኝ፣ ከቤቴ ውጡ ቢለን ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ይቅርታ ያቃጥላል።

ሴትየዋ ግን ቀደር አላለችም። "ታዲያ የኔን መርፌ ምን አደረጋችሁት?" አለች።

ታላቃችን መለሰችላት። "ለሌላ ሰጠሁት። የማን እንደሆነ ሳላውቅ።"

"ለማን?"

"ለአንዲት ወላድ። የሐኪም ጋራ ሰፈር ሴት።"

"ከዚያ በኋላ ወለደች?"

"ወለደች።"

"ልጁ አለ?"

ታላቃችን ወደ እኔ ዞረች። እኔ ነኝ የተናገርኩት። "አለ። ዓመት አልፎታል።"

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። "እሰይ" ትበል፣ "እኔን" ትበል፣ ከከንፈሯ ማንበብ አልቻልኩም። ያን ልጅ እኔ ነኝ ያዋለድኩት፤ ሲወለድ ያተረፈው የሷ መርፌ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ይህን አልነገርኳትም።

ከዚያ አማቲቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ጥፋቱ የእሷ ካልሆነ ደግ" አሉ። "አሁን መርፌውን ስጧትና ትውለድ።"

ሳልነግራቸው መውጣት የምችል መስሎኝ ነበር። "አዴ፣ እናቴ፣ አሁን መርፌው አይሠራም" አልኳቸው። "መርፌው የሚሠራው ደሟ ሳያውቅ በፊት ነው። አንዴ ካወቀ አይረሳም።"

"ማለት?"

"የሚቀጥሉትም ልጆች ይጎዱባታል ማለት ነው። ትልቅ ሆስፒታል፣ ልዩ ክትትል፣ ሆድ ውስጥ እያለ ለልጁ ደም መስጠት የሚችል ቦታ ከሄደች ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን…"

ይረዱኛል ብዬ ነበር የማብራራው፤ እሳቸው ግን የሰሙት አንዱን ነገር ብቻ ነው። ልጃቸውን አዩት። ምራታቸውን አዩ። ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ለዚህ እመሰክርላቸዋለሁ። "እንግዲያውስ ወንድ ልጅ አይኖረውም" ብቻ አሉ፣ ዝናብ ዘንድሮ አልዘነበም እንደሚባለው። ነፃ ላወጣት ሄጄ እኔው በአፌ ፈረድኩባት። ባልየው አንገቱን ቀና አላደረገም።

ከዚያን ቀን በኋላ ልጇን ጭኗ ላይ እንደምታስቀምጥ ታላቃችን ከጎረቤት ሰምታ ነገረችኝ። ይህቺን ይዤ ነው የምኖረው። ለኃላፊያችን የሆነውን ጽፈን አስገባን፤ ተቀጣን፤ ቅጣቱን ሳገኝ ቀለለኝ ማለት ይከብደኛል፣ ግን ትንሽ ቀለለኝ። ታናሻችን ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች። ታላቃችን ጡረታ ወጣች። አሁን አንዷ ላንዷ አትፈርምም፤ እጅሽ ደም ከሆነ ታጥበሽ መጥተሽ ራስሽ ትፈርሚያለሽ። አዳዲሶቹ ልጆች ይህን ስል ግትር ነች ይሉኛል።

ባልየው ሁለተኛ ሚስት አገባ። ሴትየዋን አልፈታትም፤ መልካም ሰው ነው ይባላል፤ ይሁን።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ክትትል ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ በሩ ተከፈተና ሴትየዋ ገባች። ከኋላዋ አሥራ ዘጠኝ ሃያ የሚሆናት ልጅ፣ ሆዷ ገና ጎላ ያለ፣ የምትፈራ። ሴትየዋ ክንዷን ይዛታለች።

"ጣውንቴ ናት" አለችኝ። "ደሟን እዪልኝ።"

ተነስቼ ቆምኩ። "ሌላ ቦታ… ሌላ አዋላጅ ብትፈልጊ እኮ አልቀየምሽም" አልኳት።

"ሌላ ቦታ ቢረሱስ?" አለችኝ። "አንቺ ግን ከእንግዲህ አትረሺም።"

የልጅቷን ጣት ራሴ ወጋሁ። ሴትየዋ ዓይኗን አልሸፈነችም፤ ጠብታዋን፣ ጠብታዋ ያረፈችባትን መስታወት፣ እጄን አንድ በአንድ ተከታተለች። ውጤቱ እስኪደርስ ሁለቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሴትየዋ ለልጅቷ ምን መብላት እንዳለባት ትነግራታለች፣ ምን መሸከም እንደሌለባት፣ ምጥ ሲመጣ እንዴት መተንፈስ እንዳለባት። እኛ ያስተማርናትን ነው የምትነግራት፣ ቃል በቃል።

ውጤቱን ይዤ መጣሁ። "ፖዘቲቭ ናት" አልኩ። "መርፌ አያስፈልጋትም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

"በደንብ አይተሻል?"

"ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ከልቧ ነው ያለችው፤ ፊቷን አይቻለሁ፣ ሌላ ነገር አልነበረበትም። ልጅቷን ክንዷን ይዛ አስነሳቻት፣ ደረጃው ላይ እንዳትወድቅ ቀድማት ወረደች። እኔ የልጅቷን ካርድ እንደያዝኩ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።